አንድ ውኃ ይበቃል፦ ለአጭር የክረምት ዕረፍት የውጭ አገር የአዕዋፍ ምልከታ መመሪያ

ከሦስት እስከ አምስት ቀን ዕረፍት ይዞ ውጭ አገር የሚሄድ ወፍ ወዳድ ጊዜውን የሚበላበት ብዙውን ጊዜ መንገድ ነው። ካርታው ላይ ስድስት ቦታ ያከብባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲከንፍ ቀኑ ይመሻል፣ ካያቸው ወፎች ውስጥ ረጋ ብሎ ያስተዋለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እዚህ የምመክረው አካሄድ ቀላል ነው፦ አንድ ጥሩ ውኃ ምረጡ፣ አጠገቡ እደሩ፣ ጠዋትና ማታ ደጋግማችሁ ሂዱበት። ሁለተኛው ጠዋት የመጀመሪያው ያላሳያችሁን ያሳያችኋል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የትኛው መንጋ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ክረምት የምለው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሚበርድበትን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው። ወቅቱ ለተመልካች ብዙ ያግዛል። ሰሜን ያሉት ሐይቆች በረዶ ሲሠሩ የውኃ ወፎች ወዳልቀዘቀዘው ጥቂት ውኃ ይሰበሰባሉ። ቅጠል የረገፈ ዛፍ ወፍ አይደብቅም። ወንድ ዳክዬዎችም በጋ ላይ ጥለውት የነበረውን ደማቅ ላባ መልሰው የለበሱበት ጊዜ ነው፤ ዳክዬ መለየት ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

1. ብርድ ወይስ ሙቀት? መጀመሪያ ይህን ወስኑ

ወደ ብርዱ ከሄዳችሁ የዝርያው ቁጥር ያንሳል፣ መንጋው ግን ይገዝፋል። በደቡብ ጃፓን፣ ካጎሺማ ውስጥ ባለችው ኢዙሚ ከተማ ዙሪያ ክረምቱን የሚያሳልፉት ክሬን የተባሉ ረጅም አንገትና እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች ከ10,000 ይበልጣሉ። በሰሜን ሰርቢያ ኪኪንዳ ከተማ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ ረጅም ጆሮ ጉጉቶች መሀል አደባባዩ ላይ ባሉት ዛፎች ቀኑን ሙሉ ተኝተው ይውላሉ፤ እነርሱን ለማየት መኪናም ሆነ ጫካ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በስፔን ምዕራብ፣ ኤክስትረማዱራ፣ የአውሮፓ ክሬኖች ቀን ቀን የኦክ ዛፍ ፍሬ እየለቀሙ ይውሉና ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። አውሬ ቢመጣ የውኃው ድምፅ ይቀሰቅሳቸዋል።

ወደ ሙቀቱ ከሄዳችሁ ዝርያው ይበዛል፣ ቀኑም ይረዝማል። ትንሿ ጋምቢያ ከ500 በላይ ዝርያ ተመዝግቦባታል፤ ወቅቱ ደረቅ ስለሆነ መንገዱ አያስቸግርም፣ ከአውሮፓ የወረዱ ስደተኛ ወፎችም ከአገሬው ወፎች ጋር አብረው ይታያሉ። የካናሪ ደሴቶች አካል በሆነችው ቴኔሪፍ ላይ፣ በቴይዴ ተራራ ዙሪያ ባለው የጥድ ደን ውስጥ፣ ሌላ የትም የማይገኝ ሰማያዊ ቻፊንች የተባለ ትንሽ ወፍ አለ። ሰው ወደሚዝናናባቸው የደን ማረፊያዎች ስለሚመጣ ረጅም ፍለጋ አይጠይቅም። በሕንድ ባራትፑር የሚገኘው የኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ረግረግ ነው። የሂማላያን ሰንሰለት አቋርጠው የሚመጡ ዝይዎች እዚያ ይከርማሉ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ሰሜን ሕንድ በከባድ ጉም ይሸፈናል፤ ረፋዱ ድረስ ምንም ላይታይ ስለሚችል አንድ ተጨማሪ ቀን ጨምሩ።

ስትወስኑ የብርሃኑን ርዝመት አትርሱ። ታኅሣሥ ላይ ለንደን ውስጥ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ቴኔሪፍ ከ10 ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ጋምቢያ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። ለሦስት ቀን ጉዞ ይህ ልዩነት ተደምሮ የአንድ ሙሉ ቀን ምልከታ ያህል ነው።

እኔ የምከተለው መስፈርት ይህ ነው፦ ዕረፍቱ ከአራት ቀን ካነሰ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ያለ ቦታ። የቀረው ሁሉ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

2. ውኃውን ምረጡ

ኢበርድ የተባለው የአዕዋፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ሲሆን በነፃ ነው የሚሠራው። በካርታው ላይ ተመልካቾች የሚያዘወትሯቸው ቦታዎች ተለይተው ይታያሉ። አንዱን ቦታ ስትከፍቱ ጠቅላላ የዝርያ ብዛቱ እንዳያታልላችሁ፤ ያ ቁጥር የዓመታት ድምር ነው። ማየት ያለባችሁ ባለፈው ክረምት፣ እናንተ በምትሄዱበት ሳምንት የተመዘገቡትን ዝርዝሮች ነው። አንድ ተራ ተመልካች በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት ዝርያ አየ? ሐይቁ በረዶ ሠርቶ ነበር? መልሱ እዚያ ውስጥ አለ።

ከዚያ የሳተላይት ካርታውን ክፈቱና የእግር መንገዱ ከውኃው በየትኛው በኩል እንዳለ ተመልከቱ። ጠዋት ከውኃው ምሥራቅ፣ ማታ ደግሞ ከምዕራቡ በኩል መቆም ከቻላችሁ ፀሐይ ሁልጊዜ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ውድ ባይኖኩላርም (የሩቅ ማያ መነጽር) አያድንም።

የመግቢያ ሥርዓቱን አስቀድማችሁ አጣሩ። ሆንግ ኮንግ ያለው የማይ ፖ ረግረግ ያለ ፈቃድ አያስገባም። የሲንጋፖሩ ሱንጌይ ቡሎህ ረግረግ ግን ክፍት ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ከጭቃው የተባረሩት ወፎች ወደ ኩሬዎቹ ስለሚገቡ ከመመልከቻ ጎጆዎቹ በቅርብ ይታያሉ። ከቤተሰብ ጋር ለሥራ ወይም ለሽርሽር ከተማ ውስጥ የምትቆዩ ከሆነም ቦታ አይጠፋም፤ የለንደን ዌትላንድ ሴንተር የተባለው የረግረግ ወፎች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ባርንስ ሠፈር፣ የቀድሞ የከተማው የውኃ ማጠራቀሚያዎች በነበሩበት መሬት ላይ ነው።

አንድ መጠባበቂያም ያዙ። በብርድ አገር ሐይቁ አንድ ሌሊት ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንዲያ ሲሆን ወፎቹ የሚሄዱት ወደሚፈስ ወንዝ፣ ወደ ግድብ ሥር፣ ወይም ወንዝ ከባሕር ወደሚገናኝበት አፍ ነውና የቅርቡን ካርታችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት።

3. ሠላሳ ወፍ አጥኑ

የአገሩን ወፍ በሙሉ ለማወቅ መሞከር ድካም ነው። ኢበርድ ላይ እያንዳንዱ ዝርያ በየትኛው ሳምንት ምን ያህል እንደሚታይ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ከእርሱ በእናንተ ሳምንት በብዛት የሚታዩትን ሠላሳ ገደማ ለቅማችሁ አጥኑ። እነዚህን ካወቃችሁ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ወፍ ሲመጣ ወዲያው «ይሄ ሌላ ነው» ትላላችሁ። ያቺ ቅጽበት ናት ትልቁ ጥቅም።

ሜርሊን የተባለውን የኮርኔል የአዕዋፍ ጥናት ተቋም መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ የምትሄዱበትን አገር ጥቅል ከመነሣታችሁ በፊት አውርዱ። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድምፅ ሰምቶ ስም የሚሰጠው ክፍል ጥሩ ጠቋሚ ነው፣ ግን ይሳሳታል። መተግበሪያው የነገራችሁን ወፍ በዓይን ወይም በራሳችሁ ጆሮ ሳታረጋግጡ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡ።

4. ዕቃ

ባይኖኩላር 8 በ42 ይበቃል። ስምንቱ ማቅረቢያው ነው፤ አርባ ሁለቱ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። አርባ ሁለቱን ለስምንት ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል፦ 5 ሚሊ ሜትር ከሩብ ገደማ። ለ10 በ42 ይኸው ስሌት 4.2 ይሆናል። ክረምት ላይ ጥሩው ሰዓት ጎሕና ድንግዝግዝ ስለሆነ ይህ ልዩነት በዓይን ይታወቃል። በብርድ ለሚንቀጠቀጥ እጅም ስምንቱ ይሻላል።

ከጉዞው በፊት ለዓይናችሁ አስተካክሉት። የቀኙን ሌንስ ሸፍኑና በግራ ዓይን አንድ የሩቅ ጽሑፍ እያያችሁ ጥርት ብሎ እስኪታይ የመሀለኛውን ጎማ አዙሩ። ቀጥሎ ግራውን ሸፍኑና ጎማውን ሳትነኩ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ አጥሩ። የቀለበቱን ቦታ አስታውሱ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ማያው ላስቲክ ዝቅ ይበል፤ የማታደርጉ ከፍ አድርጉት። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ለዓመታት በብዥታ ያያል።

ባይኖኩላሩ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ፓወር ባንክም በአየር መንገዶች ደንብ መሠረት የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን የተለመደው ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ለብርድ አገር፦ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ተደራራቢ ስስ ልብስ፣ ጎማውን ለማዞር የሚያስችል ቀጭን ጓንት፣ ከላዩ የሚጠለቅ ወፍራም ጓንት። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ከሚራመድ ሰው በጣም ይበርደዋል፤ ልብሱን ለቆመ ሰው አስቡ። ስልኩ ከውስጥ ኪስ ይሁን፣ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወድቃል። ከውጭ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ባይኖኩላሩን ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ተዉት፤ ወዲያው ካወጣችሁት ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል።

ቴሌስኮፕ ለሰፊ ሐይቅና ለባሕር ዳርቻ ድንቅ ነው። ለአጭር ጉዞ ግን ከነመቆሚያው ሸክም ነው፤ አስጎብኚ ከያዛችሁ እርሱ ይዞ ይመጣል።

5. ሰዓቱን ከብርሃንና ከባሕር ጋር አስማሙ

ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውኃው ዳር ተገኙ። ማደሪያቸው ላይ ያሉት ወፎች የሚነሡት ያን ጊዜ ነው፤ ክሬንና ዝይ በተከታታይ ሰልፍ፣ ከማየታችሁ በፊት ድምፃቸው እየተሰማ። ማታም ፀሐይ ከመግባቷ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይሻላል። በክረምት ቀኑ አጭር ስለሆነ ለዚህ እንቅልፍ ብዙ አይከፈልም፤ በሰሜን አገሮች ጎሕ የሚቀደው ዘግይቶ ነው። አብሯችሁ የመጣው ሰው ወፍ የማይወድ ከሆነም ጠዋቱን ለእናንተ፣ እኩለ ቀኑን ለጋራ፣ ምሽቱን እንደ ስምምነታችሁ አድርጉት።

ባሕር ዳር ከሆናችሁ ግን ከፀሐይ በላይ የሚገዛችሁ ውኃው ራሱ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሰፊ ጭቃ ይጋለጥና ረጅም እግር ያላቸው ወፎች ምግብ ፍለጋ ይበተናሉ፤ በኪሎ ሜትር ርቀት ነጠብጣብ ይሆናሉ። ሲሞላ ጭቃው ጠብቦ ወደ ዳር፣ ወደ እናንተ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ውኃው ጥግ ከመሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። በአብዛኛው ዳርቻ ከአንድ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የነገው ሙላት ከዛሬው 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የመድረሻችሁን የሙላት ሰንጠረዥ አውጥታችሁ የትኛው ቀን ጠዋት ላይ እንደሚሞላ ካወቃችሁ፣ ያን ጠዋት ለሌላ ነገር አትስጡ። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ይበረታል። በእንግሊዝ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ስኔቲሻም ላይ፣ በእንዲህ ያለ ቀን ጭቃው በሙሉ ሲሸፈን ኖት የሚባሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ግራጫ ወፎች አንድ ላይ ተነሥተው ከዳርቻው ጀርባ ወዳሉት ኩሬዎች ይሰፍራሉ።

6. ውኃው ዳር ስትቆሙ

መጀመሪያ ያለ ባይኖኩላር እዩ። መንጋው የት ነው፣ ምን ይንቀሳቀሳል፣ ከፍ ብሎ የሚዞር ጭልፊት አለ? ዳክዬው ሁሉ አንገቱን ቀና ካደረገ ወደ ሰማይ ተመልከቱ። ከዚያ ከግራ ጫፍ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ጥረጉ፤ መንጋ ሲበዛ ዓይን መሀል ላይ ይረጋል፣ ብርቅዬው ወፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ነው።

ወፍ ስታዩ ዓይናችሁን ከእርሱ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ቁልቁል አይታችሁ ካነሣችሁት ወፉን ዳግም መፈለግ ይሆናል።

ለመለየት ከቀለም አትጀምሩ። ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል፣ በክረምት ደግሞ የጭቃ ዳር ወፎች ብዙዎቹ ግራጫ ናቸው። መጠኑን አጠገቡ ካለ የምታውቁት ወፍ ጋር አነጻጽሩ፤ ቀጥሎ የመንቁሩ ቅርጽ፣ የእግሩ ርዝመት፣ በመጨረሻም የሚያደርገው ነገር። ዳክዬን ውሰዱ። አንዱ ጭራውን ወደ ላይ ዘቅዝቆ ከውኃው ወለል በታች ይለቅማል፤ ሲነሣ ከውኃው ቀጥ ብሎ ይፈናጠራል። ሌላው ሙሉ በሙሉ ይሰጥምና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፤ ሲነሣ ውኃው ላይ እየሮጠ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ካያችሁ መጽሐፉ ውስጥ የምትፈልጉት ገጽ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚያ አንዱ ላይ ቆዩ። ሾቬለር የተባለው ዳክዬ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ በአውሮፓም በእስያም በሰሜን አሜሪካም ክረምቱን በብዛት የሚገኝ ነው። ወንዱ አረንጓዴ ራስ፣ ነጭ ደረት፣ ቀይ ቡናማ ጎን አለው፤ መንቁሩ ጫፉ ላይ እንደ አካፋ ሰፍቶ ከራሱ ይረዝማል። መንቁሩን ውኃው ላይ አጋድሞ ሲዋኝ ከጎን በኩል ውኃ ሲፈስ ይታያል፤ በመንቁሩ ጠርዝ ያሉት ጥቃቅን ማጥለያዎች ምግቡን እያስቀሩ ነው። ጥቂት ሾቬለሮች ሲገናኙ በክብ ይዞራሉ፤ አንዱ በሌላው ኋላ ሆኖ ከሥር የተነሣውን ይለቅማል። አሥር ደቂቃ በዚህ ላይ ማጥፋት ከሦስት አዲስ ስም የሚበልጥ ዕውቀት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ወፍ ከጀርባው፣ በጉም ውስጥ እንኳ ታውቁታላችሁ።

ዛፍ ሥር ከሆናችሁ ደግሞ ጸጥታ አያሳስታችሁ። ትናንሽ ወፎች በክረምት የተለያየ ዝርያ ተቀላቅለው በአንድ መንጋ ይዞራሉ። ግማሽ ሰዓት ምንም የለም፣ ድንገት ሃያው በአንድ ጊዜ ራስጌያችሁ ነው። ያን ጊዜ አትከተሏቸው፤ ወደሚሄዱበት ቀድማችሁ ቁሙና በላያችሁ ይለፉ።

7. አስጎብኚ ከቀጠራችሁ በመጀመሪያው ጠዋት ይሁን

ብዙ ሰው የተረፈውን ያጠናቅቅልኛል ብሎ አስጎብኚ ለመጨረሻው ቀን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ጠዋት ግማሽ ቀን አብሯችሁ ከዋለ ግን የቦታውን ድምፅ፣ ማደሪያውንና የተለመዱትን ወፎች ያስተምራችኋል፤ የቀሩትን ቀናት ራሳችሁ ትችላላችሁ። ከመስማማታችሁ በፊት በዚህ ሳምንት ምን እንዳየ፣ ቴሌስኮፕ እንዳለው፣ ክፍያው ትራንስፖርትን እንደሚጨምር ጠይቁ። በኬኦላዴኦ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነጂዎቹ ራሳቸው ስለ ወፍ የሠለጠኑ ናቸው፤ ቀስ ብለው ስለሚሄዱም ወፉ አይደነግጥም።

8. ወፉንም ሰውንም አታስቸግሩ

አንዲት ትንሽ ወፍ በአንድ የክረምት ሌሊት የሰውነቷን ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ልታጣ ትችላለች። ያን ለመመለስ ያላት በብርድ አገር ስምንት ሰዓት ብርሃን ነው። ፎቶ ፍለጋ ባስነሣናት ቁጥር ከዚያ ላይ እየቀነስን ነው። መብላት አቁማ አንገቷን ካቀናች፣ ወይም ከእናንተ እየራቀች መራመድ ከጀመረች፣ ቀርባችኋልና ወደ ኋላ ተመለሱ። ወፍ ለመጥራት ከስልክ ድምፅ አታጫውቱ። ያገኛችሁትን የጉጉት ማደሪያ በኢንተርኔት አትለጥፉ፤ ኢበርድ ራሱ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ይደብቃል።

ባይኖኩላር በወታደር ካምፕ፣ በድንበርና በአየር ኃይል ሰፈር አካባቢ ከቦርሳ አይውጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2001 ግሪክ ካላማታ ውስጥ አውሮፕላን ለማየት የሄዱ የእንግሊዝና የሆላንድ ጎብኚዎች በስለላ ተጠርጥረው ታስረዋል፤ በይግባኝ ነፃ የወጡት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ድሮንም ያለ ፈቃድ አትያዙ።

የሞተ ወፍ አትንኩ፤ የወፍ ጉንፋን በክረምት መንጋ ውስጥ ይስፋፋል። ከረግረጉ ስትወጡ የጫማችሁን ጭቃ እጠቡ። የወደቀ ላባም ለማስታወሻ አትውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ የስደተኛ አዕዋፍ ሕግ የአብዛኞቹን የአገሩን ወፎች ላባ መያዝ ይከለክላል፤ በሌሎች አገሮችም ጉምሩክ ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል።

9. መዝግቡ

እዚያው ቆማችሁ፣ በእርሳስ። ብዕር በብርድ ይቆማል። የጀመራችሁበት ሰዓት፣ የቆያችሁበት ጊዜ፣ የሄዳችሁበት ርቀት፣ ዝርያና ብዛት። ኢበርድ ላይ ስታስገቡ የለያችኋቸውን ሁሉ፣ ተራ የምትሏቸውን ጭምር ጻፉ፤ ለተመራማሪ የሚጠቅመው ሙሉ ዝርዝር ነው። የማታውቁት ወፍ ካለ ስሙን አትገምቱ፤ መንቁሩን፣ እግሩን፣ ያደርግ የነበረውን ጻፉና ደብዛዛም ቢሆን ፎቶ ያዙለት።

ጉዞአችሁ በሰሜን አሜሪካ ከፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ በኋላ ከሆነ በገና የወፍ ቆጠራው መሳተፍ ይቻላል። ፍራንክ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1900 ከ27 ተመልካቾች ጋር የጀመረው ይህ ቆጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 14 እና ጃንዋሪ 5 መካከል ይካሄዳል። እያንዳንዱ ቆጠራ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክብ ይይዛል፤ ጀማሪ ከልምድ ካለው ጋር ስለሚመደብ አንድ ቀን ሙሉ ከአካባቢው ሰው የመማር ዕድል ነው። ለመመዝገብ የክቡን አስተባባሪ ቀደም ብላችሁ አግኙ፤ በመጨረሻው ሳምንት ቡድኖቹ ይሞላሉ። በሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ በጃንዋሪ ይሠራል። በዚያው ሳምንት ሐይቁ ዳር ከተገኛችሁ ቴሌስኮፕ ተክለው የሚቆጥሩትን ሰዎች ታገኛላችሁ፤ ቆጠራቸውን እስኪጨርሱ ጠብቁና ያን ያልለያችሁትን ወፍ ፎቶ አሳዩአቸው።